ሲኒ ውስጥ የገባው ብናኝ፦ የአንድ የሐዋሳ ሰፈር ዛፎች ጉዳይ

ነገሩን ቀድማ ያየችው ጥጋችን ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ናት። ጠዋት መጥታ በርጩማዎቿን ስትደረድር ከላይ የወጠረችው ሸራ ላይ ቢጫ ብናኝ ተጠራቅሞ ታገኛለች። ታራግፈዋለች። በነጋታው ደግሞ እዚያው። አንድ ቀን ሲኒዬ ውስጥ የገባውን በማንኪያ ጫፍ እያወጣችልኝ "ጋሼ፣ አናጢ ቤት ሥር የተቀመጥኩ መሰለኝ እኮ" አለችኝ። ሳቅኩና "ዛፍ አይደል፣ ያራግፋል" ብያት ቡናዬን ጠጣሁ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። የዚህ ጉዳይ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ መሆኑን ከአሁኑ ልናገር።

ቦታው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። በኮብልስቶን መንገዳችን ግራና ቀኝ 11 የድሬዳዋ ዛፎች ነበሩን። አሁን 10 ናቸው፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። የተከልናቸው እኛው የሰፈሩ ሰዎች ነን፣ የዛሬ 15 ዓመት ገደማ፣ ከየቤቱ ብር አዋጥተን። ያኔ ውሃ በጄሪካን ያመላለሱ ልጆች ዛሬ ባጃጅ እየነዱ እዚያው ጥላ ሥር ተራ ይጠብቃሉ። ስሙ የድሬዳዋ ይባል እንጂ ዛፉ በዘሩ የማዳጋስካር ነው። ቀይ አበባው ሲወጣ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ከሌላ ሰፈር ድረስ ይመጣሉ። እድራችንም የሚሰበሰበው እዚያ ነው፣ አዳራሽ ስለሌለን።

ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት ንፋስ ብጤ ተነሳና የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ቆሞ የነበረ ባጃጅ ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፣ ሸራው ብቻ ተቀደደ። ሁላችንን የገረመን አሰባበሩ ነው። ተገንጥሎ ሳይሆን በመጋዝ ተቆርጦ የወደቀ ነው የሚመስለው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ እንደ ቱቦ የተቦረቦረ ክብ መንገድ አለ። ፎቶ አነሳሁና የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ የጻፍኩትን እስካሁን ያሾፉብኛል፦ "የደቡብ አፍሪካው ጥንዚዛ ገብቷል። ዛፎቹ አለቀላቸው።"

ዝም ብዬ ግን አልነበረም የጻፍኩት። ስለዚያ ጥንዚዛ ቀደም ብዬ አንብቤ ነበር፣ ያነበበ ሰው ደግሞ ማንኛውንም ቀዳዳ ሲያይ እሱ ይመስለዋል። ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፒተርማሪትዝበርግ በምትባል የደቡብ አፍሪካ ከተማ፣ የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ ያሉ የፕላታነስ ዛፎች ላይ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ጥንዚዛ አገኙ። ዘሩ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ቀደም ሲል ካሊፎርኒያና እስራኤል ገብቶ የአቮካዶ ገበሬውን አስለቅሷል። በኋላ የድሮ ናሙና ሲፈተሽ በ2012 ደርባን ላይ ተይዞ የነበረ ጥንዚዛ ያው እሱ ሆኖ ተገኘ። ማለትም ስሙ ሲታወቅ አምስት ዓመት ያህል ኖሮበታል። ከዚያ በኋላ የጆሃንስበርግ የመንገድ ዛፎች፣ የጆርጅና የክናይዝና ከተሞች ጥላዎች ተራ በተራ ተነኩ። (2017 ለእኛም ያው መጤ ተምች በቆሎአችን ላይ የወረደበት ዓመት ነው። ክፉ ዓመት ነበር።)

ሴቷ ጥንዚዛ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች። እንጨት አትበላም። ይሄ ነው የሚገርመው። አፏ ውስጥ ባለ ትንሽ ከረጢት የፈንገስ ዘር ይዛ ትገባለች፣ የቆፈረችውን ዋሻ ግድግዳ ላይ ትዘራዋለች፣ ሲበቅል እሷም ልጆቿም እሱን እየበሉ ያድጋሉ። ገበሬ በሏት። ዛፉን የሚገድለው ያ እርሻ ነው፦ ፈንገሱ በእንጨቱ ውስጥ ውሃ የሚወጣበትን ቱቦ ይደፍናል፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይደርቃል። ወንዱ አይበርም። እዚያው ዋሻ ውስጥ ተወልዶ ከእህቶቹ ጋር ተዳርቶ ይሞታል፣ እነሱ ግን አርግዘው ይወጣሉ። ስለዚህ አንዲት ሴት፣ በአንድ እርጥብ ግንድ ውስጥ፣ አንድ ከተማ ለማዳረስ ትበቃለች። ፈውስ ይኼ ነው የሚባል መድኃኒት የለውም፤ ክፉኛ የተያዘ ዛፍ ይቆረጣል፣ እዚያው ይፈጫል ወይ ይቃጠላል።

ይህንን ሁሉ ግሩፑ ላይ በሦስት መስመር አሳጥሬ ስጽፈው ምን እንደሚሆን አላሰብኩም። በማግስቱ እድሩ ተጠራ።

ስብሰባው የሚገርም ነበር። አንዱ ሞተር መጋዝ ያለው ሰው ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ተገኝቷል። "እንጨቱን ልውሰድ እንጂ የጉልበት አልጠይቅም" አለ፣ ሁሉንም 11ዱን በሁለት ቀን። ሌላው መድኃኒት የሚሸጥ ነው፤ በየዛፉ እረጫለሁ፣ ዋስትና እሰጣለሁ ይላል። ዋስትናው ምን እንደሆነ ስንጠይቀው "ካልሞተ ደግሜ እረጫለሁ" አለን። የባጃጁ ባለቤት የሸራውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ማወቅ ነው የሚፈልገው፣ ዛፉ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ግድ የለውም፣ እውነቱን ለመናገር እሱን ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ሊቀመንበራችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲሰሙ ቆይተው "እድሩ ሰው ይቀብራል እንጂ መቼ ነው ዛፍ መቅበር የጀመረው?" አሉ። ሰው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ፍርሃቱ አሸነፈና ቅርንጫፉ የወደቀበት ዛፍ "ለጥንቃቄ" ይቆረጥ ተባለ። የእኔ ጽሑፍ ነው የቆረጠው ብል አላጋነንኩም። የሚመለከተው ቢሮ ዘንድ ሄደን ነበር፤ ባለሙያው ፊልድ ነው፣ ሰኞ ኑ ተባልን። ሰኞ ሳይደርስ ዛፉ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ተቆረጠ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት የአህያ ጋሪ ሙሉ ሆኖ ሄደ።

እሑድ የጎረቤታችን ልጅ መጣ። ወንዶ ገነት ደን የተማረ ነው፣ አሁን ይርጋለም በኩል ከአቮካዶ ገበሬዎች ጋር ይሠራል። እናቱ ደውላ ነው ያስመጣችው፣ ግቢዋ ውስጥ ያለው አቮካዶ አስጨንቋት። ጉቶውን አየ። ቀዳዳው የት እንዳለ ይጠይቀናል ስንል የጠየቀን ሌላ ነው።

"እንጨቱ የት ሄደ?"

ማንም አያውቅም። ባለ መጋዙ ተደወለለት፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ ለሚጠብሱ ሸጬዋለሁ አለ። ልጁ ራሱን ያዘ። "እናንተ እንዳላችሁት የደቡብ አፍሪካው ቢሆን ኖሮ" አለን፣ "በሽታውን በራሳችሁ ጋሪ ጭናችሁ አሞራ ገደል አድርሳችሁታል ማለት ነው።" አሞራ ገደልን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጉሬዛው የሚዘልባቸውን እነዚያን ትልልቅ ዛፎች። ጥንዚዛዋ በራሷ ክንፍ ብዙ ርቀት አትሄድም፤ ሩቅ የሚያደርሳት ሰው ነው፣ በማገዶና በእርጥብ ግንድ። ዛፍ ሲቆረጥ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ለእንደዚህ ያለው ነገር ግን ጉዞው የሚጀምረው ሲቆረጥ ነው።

ከዚያ መሰላል አምጡ አለ። ከኪሱ የወጣው መሣሪያ አንድ ቢክ እስክሪብቶና አንድ እርሳስ ነው። ሌላ ነገር የለም። እንዲህ ነው ያስረዳን፦ የዚያችኛዋ ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ የቢኩ ጫፍ ላይ ያለችውን ኳስ ነው የሚያህለው። ቢኩ ቀዳዳው አፍ ላይ ከቆመና ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ስጉ። ወጣና የመጀመሪያውን ቀዳዳ አገኘ። ቢኩን አስገባ፣ ጫፉ ብቻ ሳይሆን ቀለም መያዣው ሁሉ ገባ። አወጣውና እርሳሱን ሞከረ። እርሳሱ እስከ ግማሹ ድረስ ሰተት ብሎ ገባ። ከታች ቆመን አንገታችንን ሰቅለን የምናየው ሰዎች ዝም አልን። ያቺ ከሰሊጥ የምታንስ ነገር እርሳስ የሚያስገባ በር አትከፍትም።

"ራጂ ያለው አለ?" አለ ቀጥሎ። ሐዋሳ ነው፣ ቢስክሌት የሌለበት ቤት የለም፣ አንዱ ልጅ ሮጦ የተሰበረ ራጂ አመጣ። ጫፉን ትንሽ ቆልመም አድርጎ ወደ ቀዳዳው ሰደደው፣ አዞረው፣ ገፋው። ሲያወጣው ጫፉ ረጥቧል። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ጥንዚዛውን ራሱን ጎትቶ አወጣው፣ እግሩ እየተንፈራገጠ። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል። ጭንቅላቱ ከላይ አይታይም፣ ሸካራ ኮፍያ እስከ ዓይኑ የደፋ ነው የሚመስለው። አፓቴ ይባላል ወገኑ፣ አፍሪካ ውስጥ ድሮም የነበረ፣ የቡና ገበሬ የሚያውቀው ግንድ ቆርቁር ነው። መጤ አይደለም። ጎረቤት ነው።

ቡና ሻጯ እጇን ዘርግታ ተቀበለችውና አገላብጣ አየችው። "ይሄ ነው ሌሊት ሌሊት ሲጋዝ የሚያድረው?" አለች። ልክ ነች፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረው በሌሊት ነው፣ ብናኙን በቀዳዳው አፍ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ጠዋት ሸራዋ ላይ ነው።

እዚህ ላይ "እንግዲያው ሰላም ነው" ብለን ልንበተን ነበር። ልጁ ግን ዞር ዞር ማለት ጀመረ። የዚህኛው ጠባይ ከዚያችኛዋ የተገላቢጦሽ ነው፦ ትልቁ ጥንዚዛ ለመብላት ሕይወት ያለው ዛፍ ይበሳል፣ እንቁላሉን የሚጥለው ግን የሞተ እንጨት ውስጥ ነው፣ ትሉም የሚያድገው እዚያ ነው። ስለዚህ ዛፋችን የተበሳው እዚህ ይሁን እንጂ ጥንዚዛው የተወለደው ሌላ ቦታ ነው። የት? ከአራተኛው ዛፍ ጀርባ ዓመታት የቆመ ጅምር ቤት አለ። አጥሩ ሥር የመወጣጫ እንጨትና የኤሌክትሪክ መስመር ሲጸዳ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተከምሮ፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ከርሟል። ስንቶቻችን ነን በየቀኑ አጠገቡ የምናልፈው። አንዱን ግንድ በመጥረቢያ ሰነጠቅነው። ውስጡ ዱቄት ሆኗል፣ በዱቄቱ መሃል ነጭ፣ እንደ ቅንፍ የታጠፈ፣ ወፍራም ትል። ሌላውን ሰነጠቅን፣ ያው።

መፍትሔውን ያመጣችው የልጁ እናት ናት። በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚያው መንገድ ላይ ሰርግ ነበር። "ለወጡ ማገዶ ልትገዙ አይደል? ይኸው ማገዶ" አለች። የጅምሩ ቤት ባለቤት ተደውሎለት ፈቀደ። ከሰርጉ በፊት በነበሩት ቀናት ክምሩ ተፈልጦ በዚያው መንገድ፣ ሃምሳ እርምጃ ሳይርቅ፣ ለጠላ ማብሰያውም ለወጡም ነደደ። አንድ ፍልጥ ከመንገዱ አልወጣም፤ ባለ ጋሪ ሲመጣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው እየመለሱት። እውነቱን ለመናገር ለአፓቴ ይህ ሁሉ ጥበቃ የግድ አልነበረም፣ እሱ በየሜዳው ያለ ነገር ነው። ግን ከሐሙሱ ጋሪ በኋላ ሰው ነክሶ ያዘው፣ እኔም ደስ አለኝ።

ዛፎቹን በተመለከተ ሥራው አሰልቺና ቀላል ነበር። በየእሑዱ ሁለት ልጆች መሰላል ይዘው ይወጣሉ፣ ትኩስ ብናኝ ያለበትን ቀዳዳ ፈልገው በራጂ ይወጋሉ። የተወጋው ዙሪያው በጠመኔ ይከበባል፣ አዲስ የተከፈተው እንዲለይ። ከዚያ በነጭ ጋዝ የተነከረ ጥጥ ተጠቅጥቆ በጭቃ ይደፈናል። ልጁ መውጋቱ ራሱ ይበቃል ብሎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ካልተደፈነ አያምኑም። ይደፈን። በመጀመሪያው እሑድ ትኩስ ብናኝ ያለባቸው 12 ቀዳዳዎች ነበሩ። በሦስተኛው 2። ክምሩ ከነደደ በኋላ ሐምሌ ድረስ ስንቆጥር ቆየንና አዲስ ሲጠፋ ተውነው። የሁለት ዛፎች ቅርንጫፍ ውስጡ በጣም ስለተቦረቦረ ሰው ላይ ሳይወድቅ ቀድመን አወረድነው። የተቀሩት ቆመዋል።

መድኃኒት ሻጩ መጀመሪያ ላይ አንዱን ዛፍ ረጭቶልን ነበር፣ በአንድ ነዋሪ ኪስ። ቅርፊቱ ላይ የተረጨ ነገር እንጨት ውስጥ አሥር ሳንቲ ሜትር ገብቶ የተኛ ጥንዚዛ ጋ አይደርስም። ያ ዛፍ ላይም እንደሌሎቹ ቀዳዳ አገኘን፣ ጥንዚዛውም በደህና ጤንነት ላይ ነበር። የሞተው አበባው ላይ የነበረው ንብ ነው፤ ቡና ሻጯ ናት ጠርጋ ያሳየችን። ብሩን የመለሰ የለም።

የአቮካዶዋ ነገር ደግሞ አለ። ልጁ ከመሄዱ በፊት የእናቱን ዛፍ ከሥር እስከ ጫፍ ፈተሸ። አቮካዶ በዚያች ትንሿ ጥንዚዛ ሲበሳ ቀዳዳው አፍ ላይ ነጭ፣ ስኳር የመሰለ ነገር ይወጣል፤ የዛፉ ስኳር ነው፣ ደርቆ። እሱን ነው የፈለገው። አልነበረም። ቀጥሎ ቦይ ዳር የበቀለውን ጉሎ አየ። ጉሎ ማንም የማይቆጥረው ቁጥቋጦ ነው፣ ለጥንዚዛዋ ግን ምቹ ማደሪያ ነው፣ አቮካዶ ቤት እስክታገኝ። እሱም ንጹህ ነው። ለምን ይህን ያህል እንደደከመ ስጠይቀው ወደ ይርጋለም መንገድ ጠቆመኝ። ሲዳማ ውስጥ አቮካዶ የሌለው ግቢ ስንት ነው? ይርጋለም ባለው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከአቮካዶ ዘይት ይጨመቃል፤ ስንቱ ገበሬ ችግኙን ያባዛው ለዚያ ነው። ያቺ ነገር በአንድ ጋሪ ማገዶ ብትገባ የሚጎዳው የኛ ጥላ ብቻ አይደለም።

የደቡብ አፍሪካዋ ጥንዚዛ ብትሆን ኖሮስ ምን ታደርጉ ነበር ትሉ ይሆናል። ልጁ የነገረንን ላስቀምጥ። ቢኩ አልገባም፣ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ቅርንጫፉ ከጫፍ እየደረቀ ነው እንበል። ያኔ መጋዝ አይነሳም፣ ስልክ ነው የሚነሳው። የቀዳዳው ፎቶ ቢኩ አጠገቡ ተይዞ ይነሳል፣ መጠኑ እንዲታይ (የእኔ ፎቶ ትልቁ ችግር ይኸው ነበር፤ አጠገቡ ምንም ስላልነበረ ቀዳዳው የመርፌም የእርሳስም ሊሆን ይችል ነበር)። ቁራጭ እንጨት ከጥንዚዛው ጋር በሚዘጋ ዕቃ፣ የሚቻል ከሆነ አልኮል ውስጥ፣ ለግብርና ባለሙያ ወይም ለዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። ዛፉ መቆረጥ ካለበት ሥራው ሁሉ እዚያው በቆመበት ነው የሚያልቀው፦ በትንንሹ ተከትፎ እዚያው ይቃጠላል፣ ወይም በፀሐይ ወራት ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ተሸፍኖ በሙቀት ይቀቀላል። መጋዙ ወደ ሌላ ዛፍ ከመሄዱ በፊት ይታጠባል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ በኋላ ዓይኔን ከፈተልኝ። ከሰፈራችን ጫፍ ከፓሌት ሶፋ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው፣ እኔም አንድ አለኝ። ከውጭ ዕቃ የመጣበት ፓሌት ላይ የስንዴ ዘለላ ያለበት ማኅተም መኖር አለበት፣ ከጎኑ ኤችቲ (HT) የሚል ካለ እንጨቱ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሞቋል ማለት ነው። ይህ ሕግ ምን ለመከላከል እንደሆነ አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዲትሮይት አካባቢ የታወቀው አረንጓዴ ጥንዚዛ፣ ከእስያ በማሸጊያ እንጨት ሳይመጣ አልቀረም የሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የአሽ ዛፍ ጨርሷል። ሄጄ ሶፋዬን ገለበጥኩት። ማኅተሙ አለ። የልጁን ክምር አብረን አየን፣ ካየናቸው አብዛኞቹ ላይ አለ፣ ሁለቱ ላይ አጣን። ልጁ "ታዲያ እነዚህን ምን ላርግ?" ብሎኝ ነበር። ገልብጠን አየን፣ ቀዳዳም ብናኝም የላቸውም። ቀጥቅጦ ለምድጃ አዋላቸው።

ቡና ሻጯ ከሦስተኛው ዛፍ ሥር ነች አሁንም። ሸራዋን ጠዋት ጠዋት የምታየው እሷ ስለሆነች የጎረቤታችን ልጅ ስልክ ቁጥሩን የሰጠው ለእሷ ነው፣ ለእኔ አይደለም።

ትናንት በዚያው ጅምር ቤት አጥር ሥር አዲስ የእንጨት ክምር አየሁ። ለባለቤቱ ደወልኩ። "ግድ የለህም፣ ቅዳሜ ይነሳል፣ ባለ ጋሪ አግኝቻለሁ" አለኝ። ወዴት ነው የሚነሳው ስለው መስመሩ ተቋረጠ።